ማንም ያላየው በሽተኛ

በሜሪላንድ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ከካውንተሩ ጀርባ ቆሜ የሸበትኩ ፋርማሲስት ነኝ። በእኛ በኢትዮጵያውያን መካከል ስለ ሕመም ማስታገሻ ክኒንና ስለ ኢንተርኔት ሲነሣ፣ ጣጣው ሁሉ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ተደርጎ ይወራል። እኔ ታሪኩን ከዚያ አልጀምርም። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሳያይ፣ ፋርማሲስት ሳይጠይቅ ብርቱ ማስታገሻ ሰው ቤት መግባት የጀመረው ከኢንተርኔቱ ገበያ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በፖስታ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ሻጮች በየዘመኑ ከመንገዳቸው ለማስወገድ የሚሽቀዳደሙት በሽተኛውን ቀርቦ የሚያየውን ሰው መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

በ1890ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሲርስ ሮበክ የተባለው የቺካጎ የካታሎግ ነጋዴ ከልብስ ስፌት መኪናና ከፈረስ ዕቃ ጋር ላውደነም ይሸጥ ነበር። ላውደነም ኦፒየም በአልኮል የተቀመመበት መራራ ፈሳሽ ነው። ገበሬው ካታሎጉን ገልጦ ያዛል፣ ገንዘቡን ይልካል፣ ብልቃጡ ይመጣለታል። በ1896 ፖስታ ቤት የገጠሩን ሰው ደብዳቤ በየደጃፉ ማድረስ ሲጀምር ከተማ ድረስ መውጣቱም እየቀረ መጣ። ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ1849 ጀምሮ፣ በሜይን ግዛት ከባንጎር ከተማ የሚወጣ የወይዘሮ ዊንስሎ ሽሮፕ የሚባል ነገር ነበር፤ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ማረጋጊያ ተብሎ የሚሸጥ። ውስጡ ሞርፊን ነበረበት፣ ብልቃጡ ላይ ግን አልተጻፈም። እናቶቹ የሚያለቅስ ልጃቸውን የሚያረጋጋ ነገር መስጠታቸውን እንጂ ትንፋሹን የሚያዘገይ ነገር መስጠታቸውን የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያ እንቅልፍ ያልነቁ ሕፃናት ነበሩ። ለልምምድ ለሚመጡ ወጣት ፋርማሲስቶች ይህን ሳልነግራቸው አልለቃቸውም።

በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ኦፒየም ወይም ሞርፊን ያለበት ብልቃጥ ያለውን ነገር በላዩ እንዲናገር አስገደደ። በ1914 መጨረሻ የተፈረመው የሃሪሰን ሕግ ደግሞ ሐኪሙም መድኃኒት ሻጩም እንዲመዘገቡ፣ ግብር እንዲከፍሉ፣ የሰጡትን እንዲጽፉ አዘዘ። እኔ ዕድሜ ልኬን የያዝኩት የመዝገብ ሥራ ሥሩ እዚያ ነው። ያው ሕግ ግን ሌላም ነገር አስከተለ። በ1919 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሱስ ለያዘው ሰው ሱሱን ለማቆየት ብቻ የሚጻፍ ማዘዣ የሐኪም ማዘዣ ሊባል አይችልም ብሎ ወሰነ። ሐኪሞች ፈሩ፤ በሽተኞቻቸውን አሰናበቱ። የተሰናበቱት ሰዎች ሕመማቸውም ሱሳቸውም አልተዋቸውምና መንገድ ላይ ወደሚሸጠው ሄዱ። ይኸው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በራሴ ካውንተር ፊት ሲደገም አይቻለሁ። ከታች እመለስበታለሁ።

በ1951 በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶች በሕግ ተለዩ። በ1970 ደግሞ ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉት ቁጥጥር ያለባቸው ተብለው በአምስት መደብ ተከፈሉ። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉን ሁለተኛውና ሦስተኛው መደብ ናቸው። በሁለተኛው መደብ ያለው ሞርፊንና ኦክሲኮዶን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለአንድ ማዘዣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ለሚቀጥለው አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። የሦስተኛው መደብ ማዘዣ ግን በስልክም በፋክስም ሊመጣ ይችላል፣ በስድስት ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜም ይደገማል። ሃይድሮኮዶን ብቻውን ሲሆን ሁለተኛ መደብ ነው፤ ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅሎ ቪኮዲን ሲሆን ግን ሦስተኛ መደብ ተባለ። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ። በኋላ በኢንተርኔት የጎረፈው ክኒን ኦክሲኮዶን ሳይሆን ሃይድሮኮዶን የሆነው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ፖስታን ግን አልወቅስም። የጦር ጉዳተኞችን የሚያክመው መሥሪያ ቤት ከ1946 ጀምሮ መድኃኒት በፖስታ ሲልክ ኖሯል። በ1959 የጡረተኛ መምህራን ማኅበር ለአባላቱ የፖስታ መድኃኒት ቤት አቋቋመ፤ በርካሽ ስለሚሸጥ ሽማግሌዎች ወደዱት። እነዚህ የላኩት ሐኪም ለመረመረው፣ መዝገብ ላለው ሰው ነበር። እግሩ የማይሄድ ሰው የደም ግፊት ክኒኑ ደጃፉ ድረስ ቢመጣለት ማን ይጠላል? እኔም ለስንት እናቶች ራሴ አሽጌ ልኬያለሁ።

በጥር 1999 ሶማ ዶት ኮም፣ በየካቲት ደግሞ ድራግስቶር ዶት ኮም ተከፈቱ። እነዚህ ደንበኛ መድኃኒት ቤቶች ነበሩ። ማዘዣ ይጠይቁ፣ ወደ ሐኪሙም ይደውሉ ነበር። የመድኃኒት ቤት ቦርዶች ማኅበርም በዚያው ዓመት ሕጋዊዎቹን የሚያረጋግጥ ምልክት መስጠት ጀመረ። በጎናቸው ግን ሌላ ዓይነት ሱቅ በቅሎ ነበር። በ1998 የተፈቀደው ቪያግራ ሰው ለሐኪሙ ፊት ለፊት ሊናገረው የሚያፍርበትን ነገር የሚመለከት ስለሆነ፣ ድረ ገጾች መጠይቅ አዘጋጁለት፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የልብ ሕመም አለብዎት ወይ፣ ከዚያ የካርድ ቁጥር። መጠይቁን አይቶ የሚፈርም ሐኪም ከጀርባ አለ ይባላል። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የሕመም ማስታገሻ በዚያው ገባ።

አሠራሩን ከውስጥ ስለማውቀው ትንሽ ልቆይበት። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሐኪምም ፋርማሲስትም አልነበረም። አንድ ሐኪም ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ዕዳ ያለበት ወይም ጡረታ የወጣ፣ ለእያንዳንዱ መጠይቅ ፊርማ የሚከፈለው። ከዚያ አንድ ትንሽ መድኃኒት ቤት ይፈልጋል፤ ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ገበያውን የወሰዱበት፣ ኪራይ ያቃተው። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ እኔ በነበርኩበት መድኃኒት ቤት እንዲህ ያለ የግብዣ ፋክስ መጥቶ አንብቤዋለሁ። ከኛ የሚፈለገው በየቀኑ የሚላክልንን ማዘዣ ሞልቶ፣ አሽጎ፣ ለአድራሹ መስጠት ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ክፍያ አለን። በሽተኞቹ በአገሩ ሁሉ የተበተኑ ናቸው፣ ሐኪሙ ግን አንድ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፣ የአከፋፋዩም ዕዳ ነበረበት። በመጨረሻ ቀደደው። እምቢ ማለቱ ምን ያህል እንዳስከፈለው ስለማውቅ ዛሬም አከብረዋለሁ። እሺ ያሉትን ደግሞ የፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ዲ.ኢ.ኤ. የሚባለው፣ ቆይቶ በቁጥር አወጣቸው። በ2006 ብቻ 34 የተጠረጠሩ የኢንተርኔት መድኃኒት ቤቶች ከ98 ሚሊዮን በላይ የሃይድሮኮዶን ፍሬ አውጥተዋል። ተራ መድኃኒት ቤት ከሚሞላው ማዘዣ ቁጥጥር ያለበት 11 በመቶ ያህሉ ነበር፤ በእነዚህ ግን 95 በመቶ ነበር። የስኳር መድኃኒት የለ፣ የሕፃን አንቲባዮቲክ የለ። ፋርማሲስት ሆኖ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ክኒን ሲቆጥር የሚውል ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል።

በየካቲት 2001 በካሊፎርኒያ ላ ሜሳ በምትባል ከተማ ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ሞተ። ጎበዝ ተማሪና ስፖርተኛ ነበር። ሃይድሮኮዶን በኢንተርኔት አዝዞ፣ ዕድሜውን ጨምሮ፣ ጀርባዬን ያመኛል ብሎ መጠይቁን ሞላ። የፈረመለት ሐኪም አንድም ቀን አላየውም። ክኒኑ ወላጆቹ ቤት ድረስ መጣለት። እናቱ ከዚያ በኋላ ዓመታት በምክር ቤት ደጃፍ ተመላለሱ፤ በጥቅምት 2008 በልጃቸው ስም የተጠራው ሕግ ተፈረመ፣ ከሚያዝያ 2009 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉ እምብርት አጭር ነው፤ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት በኢንተርኔት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ በሽተኛውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ሊያየው ይገባል። ይህን ለማስጻፍ አንዲት እናት ከሰባት ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

ሕጉ ሠራ ወይ? ለሃይድሮኮዶን በአብዛኛው ሠራ። ሻጮቹ ግን አንድ ደረጃ ወረዱ። ሮዴዥያ ተወልዶ ማኒላ የተቀመጠ ፖል ለ ሩ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የፌዴራል ሕጉ ገና በመደብ ውስጥ ያላስገባቸውን መርጦ በትንንሽ የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች በኩል ያሠራጭ ነበር፤ ትራማዶል የሚባለውን ማስታገሻ፣ ሶማ የሚባለውን የጡንቻ ማፍታቻ፣ ፊዮሪሴት የሚባለውን የራስ ምታት ክኒን። መጠይቁ ያው፣ የፊርማ ክፍያው ያው። በ2012 ላይቤሪያ ውስጥ ተያዘ፤ በ2020 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከመያዙ በፊት ከመድኃኒቱ ንግድ አልፎ በመሣሪያ ንግድና በነፍስ ግድያ ውስጥ ገብቶ ነበር። የጡንቻ ማፍታቻው ሶማ መደብ ውስጥ የገባው በ2012 መጀመሪያ ነው። ትራማዶል እስከ ነሐሴ 2014 ድረስ ከፌዴራሉ መደብ ውጪ ቆየ። የሃይድሮኮዶኑም ቀዳዳ የተደፈነው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው።

በዚህ ንግድ ዳር ቆመው ያተረፉም ነበሩ። ጉግል የካናዳ ነን የሚሉ መድኃኒት ቤቶችን ማስታወቂያ ወደ አሜሪካ በማስተላለፉ በ2011 500 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት አስረከበ፣ ዩፒኤስም በ2013 ጥቅሎቹን በማድረሱ 40 ሚሊዮን። ፌዴክስም ተከስሶ ነበር፣ በ2016 ዓቃቤ ሕግ ክሱን አነሣ።

አሁን ስለ ገዢዎቹ ላውራ፤ ሁሉም ሱሰኛ ናቸው እየተባለ በነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ግፍ ይነገራልና። ከሱሰኛው ጎን ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። ወገባቸው ከመቀመጥ ብዛት ታሞ አያስተኛቸውም። ኢንሹራንስ የላቸውም። አንድ ማታ የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው ከኪሳቸው የክኒን ካርድ አወጡና «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ፣ ራሴን ታዞረኛለች» አሉኝ። በብር ወረቀት የታሸገ ትራማዶል ነው፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የተዛነፈ፣ መግለጫ ወረቀት የሌለው። በኢንተርኔት ነው የገዙት። መዝገባቸውን ስከፍት ለድብርት የሚወሰድ ሰርትራሊን ሐኪም አዝዞላቸው ከኛ ሲወስዱ ቆይተዋል። ትራማዶልና ሰርትራሊን አብረው ሲወሰዱ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ሊጥሉት ይችላሉ፤ ሰውየው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብለው አልጠየቁዎትም?»

«ጠየቁኝ እኮ። ‹የለም› የሚለውን ካልነካሁ ወደሚቀጥለው አላሳልፍ አለኝ።»

ተቆጣሁ፤ በሳቸው ላይ ግን አልነበረም። እሳቸው ሐኪም ቤት ለመሄድ የአንድ ቀን ገቢ ማጣት አለባቸው፤ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ክፍያው ከኪራያቸው የሚነካ ነው። ከዚያ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ድረ ገጹ አክብሮ ያነጋገራቸው መስሏቸዋል። ሳምንት ሳይቆይ በበጎ ፈቃድ የሚያክሙ ሐኪሞች ወዳሉበት ክሊኒክ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው። እዚያ ያየቻቸው ሐኪም ወንበራቸውን እንዲለውጡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው እንዲራመዱ አድርጋ፣ ሰርትራሊኑን የማይጋፋ ቀለል ያለ ማስታገሻ ሰጠቻቸው። ትራማዶሉን እኔው ተቀብዬ አስወገድኩት።

የ1919ኙ ነገር የተደገመው ከዚያ በኋላ ነው። ኦክሲኮንቲን የሚባለው የኦክሲኮዶን ክኒን በ1996 ገበያ ላይ ሲውል አምራቹ ሱስ የማስያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው እያለ ሐኪሞችን አሳመነ፤ በ2007 ኩባንያው ይህ ማሳሳቻ እንደነበር በፍርድ ቤት አምኗል። ሐኪሞች ለዓመታት እንደ ልብ ጻፉ፣ ሰው አለቀ። በመጋቢት 2016 የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ማስታገሻ በጥንቃቄ እንዲታዘዝ መመሪያ ሲያወጣ ብዙ ሐኪሞችና ኢንሹራንሶች እንደ ሕግ ወሰዱት። አሥር ዓመት በአንድ መጠን የኖረ በሽተኛ በአንድ ደብዳቤ መድኃኒቱ ተቋረጠበት። እንዲህ የተቋረጠባቸው ሰዎች እያለቀሱ ካውንተሬ ፊት ቆመዋል፤ ማዘዣ ሳይኖር ልሰጣቸው አልችልም፣ ሐኪማቸው ስልክ አያነሣም። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣኑ በሚያዝያ 2019 ድንገተኛ ማቋረጥ ሰው ይጎዳል ብሎ አስጠነቀቀ፣ ማዕከሉም መመሪያውን በኅዳር 2022 አስተካከለ። ለብዙዎች ዘግይቷል።

ምክንያቱም እነዚህ የተሰናበቱ ሰዎች የሄዱበት ኢንተርኔት የ2006ቱ አይደለም። የ2006ቱ ክኒን ቢያንስ ከእውነተኛ ፋብሪካ የወጣ ሃይድሮኮዶን ነበር። የአሁኑ በማተሚያ ተጨፍልቆ የተሠራ፣ መልኩና ምልክቱ የኦክሲኮዶን፣ ውስጡ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ብርቱ ማስታገሻ ነው። ሙዚቀኛው ፕሪንስ በሚያዝያ 2016 የሞተው ቪኮዲን መስሎ በተሠራ ፌንታኒል ነው፤ ያን ያህል ሀብት፣ ያን ያህል ሐኪም በዙሪያው እያለ። ዲ.ኢ.ኤ. በ2023 ከያዛቸው ፌንታኒል ያለባቸው የሐሰት ክኒኖች መካከል ከአሥሩ ሰባቱ ሊገድል የሚችል መጠን እንደያዙ ቤተ ሙከራው አግኝቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ትንፋሽ የሚመልሰው ናሎክሶን የአፍንጫ ርጭት ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ማስታገሻ ያለበት ቤት ሁሉ ናሎክሶን ይኑረው እላለሁ፤ ማንንም ሱሰኛ አያሰኝም።

በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ የሚደወልልኝ ስልክ አለ። «አክስቴ ካንሰር ይዟት ሌሊት ትጮኻለች፣ የሚልክልን ጠፋ።» እዚህ ያሉ ልጆቻቸውም ከቀዶ ጥገና የተረፈ ኦክሲኮዶን በመንገደኛ ሻንጣ ለመላክ ያስባሉ። አይሆንም፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣቱ ወንጀል ነው፣ መጠኑን የሚያስተካክልላትም ከአጠገቧ የለም። ግን ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2017 ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እንዳሰላው፣ በሞርፊን ተመዝኖ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ያህል ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነበር። ሞርፊን ሽሮፕ በጣም ርካሽ ነው። ያጣነው የሚያዝዘውን የሠለጠነ ሰውና የሚያደርሰውን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለደዋዮቹ መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶቹ በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል። ለጎንደሩና ለደሴው ደዋይ መልሴ ይከብዳል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የማስታገሻ ሥልጠና ያለው ሐኪም ወይም ነርስ አለ ወይ ብለው እንዲጠይቁ፣ ከተገኘ ስልኩን እንዲያቀብሉኝ እላቸዋለሁ።

ወደ አሜሪካ ስመለስ፣ በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲመጣ በራያን ሄይት ሕግ የተደነገገው በአካል የመታየት ግዴታ ለጊዜው ተነሣ። ሐኪም በቪዲዮ አይቶ ቁጥጥር ያለበትን መድኃኒት እንዲያዝዝ ተፈቀደ፤ ጊዜያዊ የተባለውም ከዓመት ዓመት እየተራዘመ ቀጠለ። በ2023 መጀመሪያ ዲ.ኢ.ኤ. ወደ ቀድሞው የሚመልስ ረቂቅ ደንብ አወጣ፤ በአካል ሳይታዩ የሁለተኛ መደብ መድኃኒትም ሆነ ሌላ ናርኮቲክ ማስታገሻ በቪዲዮ እንዳይታዘዝ። ከ38,000 በላይ ሰዎች አስተያየት ጻፉ፤ ከጻፉት አንዷ እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ከአልጋ የማይነሣ የካንሰር በሽተኛን ነርስ አጠገቡ ሆና ሐኪሙ በቪዲዮ ቢያየው፣ እንደ መታየት ይቆጠርለት። ማንም ሰው ፊቱን ሳያሳይ በመጠይቅ ብቻ የሚጻፍ ማዘዣ ግን በምንም ዓይነት አይፈቀድ። ፋርማሲስቱ ደግሞ ማዘዣው ሲደርሰው ሐኪሙ በሽተኛውን መቼና እንዴት እንዳየው ከማዘዣው ላይ ማንበብ ይቻለው። አሁን ያንን ለማወቅ የምንደውለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም፣ በሽተኛው ግን ካውንተሩ ፊት ቆሞ ይጠብቃል።